ዕቅዱ ከአውድማው ይለፍ

በየዓመቱ በግንቦትና በሰኔ ወራት ከቀበሌ እስከ ክልል ያሉ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ፋታ የላቸውም። የሚያልቀው በጀት ዓመት ሪፖርት ይጻፋል፤ ሐምሌ 1 የሚጀምረው አዲስ በጀት ዓመት ዕቅድም ይዘጋጃል። በቅጹ ላይ ስንት ሄክታር እንደሚታረስ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚቀርብ፣ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ምርት እንደሚጠበቅ ይሞላል። ቀበሌው ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ ቢሮ ያስተላልፋል። ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ከፍ ካለ ዕቅዱ ጥሩ ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ ቅጹ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ምርቱ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ የት ይቀመጣል? ማን ይገዛዋል? ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ ገበያ ቢያወጣው ዋጋው የት ይደርሳል? መሬቱስ ለከርሞ፣ ከዚያም ለአሥርና ለሃያ ዓመት ይህንኑ ምርት መስጠት ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው መልሳቸውን ብቻውን የሚፈልገው አርሶ አደሩ ነው። ብዙ ጊዜም መልሱን የሚያገኘው ከኪሳራ በኋላ ነው።

የአማራ ክልል ኢኮኖሚ የቆመው በግብርና ላይ ነው። ምርት መጨመር እንዳለበት የሚከራከር የለም። አገር አቀፉ የ2013–2022 የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድም ግብርናውን ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ አኗኗር አውጥቶ ከገበያና ከኢንዱስትሪ ጋር ማስተሳሰርን ዓላማው አድርጓል። የዚህ ዕቅድ ዘመን ግማሹን አልፏል። አሁን መታየት ያለበት ወረዳዎችና ቀበሌዎች የሚያዘጋጁት ዓመታዊ ዕቅድ ይህን ዓላማ ምን ያህል ይዟል የሚለው ነው። አውድማ ላይ የሚያበቃ ዕቅድ ጥሩውን የምርት ዘመን እንኳ ለአርሶ አደሩ ክፉ ዘመን ሊያደርግበት ይችላል።

በእጅ ያለው ሀብት

ክልሉ ለዕድገት የሚሆን ሀብት አላጣም። በመራዊ ዙሪያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ 7 ሺህ ሄክታር መሬት ለማልማትም ታስቦ የተሠራ ነው። ቀድሞ ክረምትን ብቻ ይጠብቅ የነበረው የአካባቢው አርሶ አደር ዛሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል። አቮካዶም ተክሎ ለውጭ ገበያ ማቅረብ ጀምሯል። በደቡብ ጎንደር የተገነባው የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። የጣና ዙሪያ ሜዳዎች፣ የጎጃም የበቆሎና የጤፍ ማሳዎች፣ የመተማና የቋራ የሰሊጥ እርሻዎች፣ የሰሜን ሸዋ የስንዴና የምስር ምድር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጸጋ አላቸው።

ፋብሪካውም ቢሆን እንደ ቀድሞው ሩቅ አይደለም። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። በዚያው ዓመት በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትላልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ሥራ ጀምረዋል። ከተሞች እያደጉ ሲሄዱም እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ዱቄት የሚገዛው ሕዝብ ቁጥር አብሮ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ለአርሶ አደሩ የገበያ በር ነው። ሆኖም በሩ በሚከፈትበት ጊዜ አርሶ አደሩ በሩ ላይ የሚፈለገውን ዓይነት፣ መጠንና ጥራት ይዞ መገኘት አለበት። ይህ ደግሞ ያለ ዕቅድ አይሆንም።

የፎገራ ሩዝ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1970ዎቹ የተዋወቀው ይህ ሰብል ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይተኛበት የነበረውን ሜዳ ወደ ምርት ቀይሮታል። ለሌላ ሰብል የማይመች የነበረው መሬት ዛሬ የብዙ ሺህ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ሆኗል። ኢትዮጵያ አሁንም ከምትመገበው ሩዝ ብዙውን ከውጭ ስለምታስገባ ገበያው አለ ማለት ነው። ነገር ግን የአገር ውስጡ ሩዝ በሚፈተግበት ጊዜ መሰባበሩና መቀላቀሉ በከተማ ሸማች ዘንድ ከውጭው ሩዝ ጋር እንዳይወዳደር አድርጎታል። አርሶ አደሩ ማሳው ላይ ያለውን ሥራ ሠርቷል። ቀሪው ሥራ ያለው ከአውድማው በኋላ ነው፦ ማድረቅ፣ መለየት፣ በጥሩ ማሽን መፈተግ፣ በአግባቡ ማሸግ።

ፎገራ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ሩዙ እየሰፋ ሲሄድ የወል ግጦሽ መሬቱ ጠብቧል፤ በወተቱና በውሃማ ሜዳ ላይ በመኖር ችሎታው የታወቀው የፎገራ ከብትም ቁጥሩ ተመናምኗል። የሩዝ ገለባ ለመኖ መዋሉ የችግሩን ከፊል ያቃልላል እንጂ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። አንዱን ጸጋ ለማስፋት ሲታቀድ ሌላው ምን ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥሩ ምርት፣ ክፉ ዋጋ

በመስኖ አካባቢዎች ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ዓመት ሽንኩርት ይወደዳል። በቀጣዩ ዓመት ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል። በአንድ ጊዜ ተተክሎ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ነጋዴው ማሳ ዳር መኪናውን አቁሞ ዋጋውን እንደፈለገ ይቆርጣል፤ ሽንኩርት ቆሞ አይጠብቅምና አርሶ አደሩም ባለው ዋጋ ይሸጣል። በሦስተኛው ዓመት ብዙዎቹ ሽንኩርቱን ይተዉታል፤ ዋጋውም ተመልሶ ይሰቀላል። በዚህ መሐል የሚጎዳው አምራቹም ሸማቹም ነው።

በወረዳው ሪፖርት ላይ ግን ያ ክፉ ዓመት ከሁሉም የተሻለ ዓመት ሆኖ ይመዘገባል። የለማው ሄክታር ጨምሯል፤ የተመረተው ኩንታል ከዕቅድ በላይ ነው። አርሶ አደሩ ለነዳጅ፣ ለዘርና ለመድኃኒት ያወጣውን እንኳ ሳይመልስ መቅረቱን የሚያሳይ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

የዚህ መፍትሔ አርሶ አደሩን «ይህን ትከል፣ ያንን አትትከል» ብሎ ማዘዝ አይደለም። የሚያስፈልገው መረጃ ነው። የመስኖ ውሃ የሚጠቀሙ ቀበሌዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ምን ያህል ማሳ በምን ሰብል ሊሸፈን እንደታሰበ አስቀድመው ቢያሳውቁ፣ ወረዳው ይህንኑ ደምሮ ለአርሶ አደሩ መልሶ ቢነግር፣ ብዙው ሰው ራሱ አስቦ ይወስናል። የመትከያውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ማራራቅ፣ በአንድ ቀጠና ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሰብል ማፈራረቅ፣ ከተማ ካሉ ሸማች ማኅበራትና ሆቴሎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

የእህሉም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና ማኅበራዊ ወጪ በአንድ ላይ ስለሚመጡ አርሶ አደሩ እህሉን በርካሽ ይሸጣል። ያው አርሶ አደር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል ከገበያ በውድ ይገዛል። ይህን የሚሰብረው ማከማቻና ብድር ነው። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በሕግ ከተፈቀደ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እህሉ በታወቀ መጋዘን ይገባል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል፤ በደረሰኙ ዋስትና ለአጣዳፊ ወጪው ይበደራል፤ ዋጋው ሲሻል ሸጦ ብድሩን ይመልሳል። ይህ አሠራር እስከ ወረዳና እስከ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ድረስ እንዲወርድ ማኅበራቱ ደረቅና ንጹሕ መጋዘን፣ የታመነ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ ሊኖራቸው ይገባል። የወረዳው ዕቅድ እነዚህን አንድ በአንድ መቁጠር አለበት።

በጎተራ ውስጥ የሚጠፋውም ምርት ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ኩንታል በቆሎ ያስገባ አባወራ ከአሥር አንዱን ነቀዝ ቢበላበት 2 ኩንታል አጣ ማለት ነው። በአንድ ቀበሌ እንዲህ ያሉ 800 አባወራዎች ቢኖሩ የሚጠፋው 1 ሺህ 600 ኩንታል ይሆናል። ይህን ያህል ምርት ከማሳ ለመጨመር ስንት ማዳበሪያ፣ ስንት ዘርና ስንት የሥራ ቀን እንደሚጠይቅ ማንም አርሶ አደር ያውቀዋል። እህሉን በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ማስቀመጥ ግን ነቀዙን ያለ መርዝ ይገድለዋል። የከረጢቱ አቅርቦት እንደ ማዳበሪያው ሁሉ በዕቅድ ተይዞ ከመኸር አዝመራው መሰብሰብ በፊት ቀበሌ መድረስ ይኖርበታል።

ፋብሪካውና ማሳው ሳይተዋወቁ

በቡሬና በደብረ ማርቆስ የተተከሉት የዘይት ፋብሪካዎች በበቂ መጠን የአገር ውስጥ የቅባት እህል ባለማግኘታቸው ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ቆይተዋል። በሌላ በኩል አኩሪ አተር፣ ሱፍና ኑግ ሊያበቅሉ የሚችሉ ወረዳዎች ገዢውን አስተማማኝ ሆኖ ስላላገኙት በሰፊው አይዘሩም። ፋብሪካው «ምርት የለም» ይላል፤ አርሶ አደሩ «ገዢ የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የጎደለው በመሐላቸው የሚቆም ውልና ዕቅድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሕግ ወጥቷል። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አምራቹና ገዢው ከመዝራት በፊት እንዲዋዋሉ መንገድ ከፍቷል። ውል ግን በፊርማ ብቻ አይጸናም። ዋጋ በገበያ ሲጨምር አርሶ አደሩ ምርቱን ለሌላ ከሸጠ፣ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ገዢው «ጥራቱ አልተሟላም» ብሎ ከሸሸ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚዋዋል አይገኝም። ስለሆነም ውሉ ዝቅተኛ ዋጋን፣ ገበያው ከፍ ሲል ጭማሪው እንዴት እንደሚካፈል፣ ጥራቱን ማን እንደሚለካ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ድርቅ ወይም በረዶ ቢመጣ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም በግልጽ ማስፈር አለበት። ውሉም ለአርሶ አደሩ በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለት፣ ግልባጩ በእጁ ሊገባ ይገባል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት እዚህ ላይ ምስክርም አስታራቂም ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ጉዳይ ኩታ ገጠም እርሻ ጥሩ መሠረት ጥሏል። ማሳቸውን አቀናጅተው አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ጊዜ የሚዘሩ አርሶ አደሮች ለፋብሪካ የሚሆን አንድ ወጥ ምርት ሊያቀርቡ ይችላሉ። ሆኖም አብሮ ማረስ አብሮ ከመሸጥ ጋር ካልተያያዘ ጥቅሙ ግማሽ ነው። አብረው ዘርተው፣ አብረው አጭደው፣ ገበያ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ከደላላ ጋር የሚከራከሩ ከሆነ ኩታ ገጠሙ አውድማ ላይ ፈረሰ ማለት ነው።

የመሬቱ ዕዳ

ከገበያው ያላነሰ ሥጋት በእግር ሥር አለ። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑን የአፈር ጥናቶች ያመለክታሉ። ዝናብ የሚበዛባቸው የጎጃምና የአዊ ደጋማ ቦታዎች ይህ ችግር ከበረታባቸው መካከል ናቸው። አሲዳማ አፈር ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ ለሰብሉ በሚገባ አይደርሰውም። አርሶ አደሩ በውድ የገዛው ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ማዳበሪያው ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም እያንዳንዱ ኩንታል ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ዋጋ አለው። ይህን ያህል ገንዘብ የማይቀበለው አፈር ላይ መበተን ኪሳራ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ ይታወቃል፤ ድንጋዩም በክልሉ በደጀን አካባቢ አለ። አስቸጋሪው ማጓጓዙ ነው። እንደ አፈሩ አሲዳማነት ለአንድ ሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን ኖራ ሊያስፈልግ ይችላል። 3 ቶን ብንል 30 ኩንታል ነው። አንድ ሺህ ሄክታር አሲዳማ መሬት ያለው ቀበሌ 30 ሺህ ኩንታል ያስፈልገዋል። 300 ኩንታል የሚጭን መኪና 100 ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ማሳው ያለው ደግሞ በአህያና በጋሪ የሚሄድ ነው። ኖራው ከመዝራት በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ስላለበት በሰኔ የሚደርስ ኖራ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል።

እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ዓመት አያልቅም፤ ስለዚህ በዓመት ዕቅድ ብቻ አይሠራም። ቀበሌው አሲዳማ መሬቱን በካርታ ለይቶ ለአምስት ዓመት ከፋፍሎ ቢያቅድ፣ በየዓመቱ አንድ አምስተኛውን በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት ቢያጓጉዝ፣ 100 ጊዜ መመላለሱ በዓመት ወደ 20 ይወርዳል። ያን ጊዜ ሥራው በአቅም ልክ ይሆናል። ኖራው ለዓመታት ስለሚያገለግል አንድ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ኮምፖስትና የሰብል ፈረቃም አብረው ሊታቀዱ ይገባል፤ አፈር በኖራ ብቻ አይድንምና።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

የመስኖ ልማት ሲታሰብ ዓይን የሚሄደው ወደ ግድቡ ነው። ነገር ግን ግድብ ያለ ቦይ የቆመ ውሃ ነው። የርብ ግድብ ከቆመ በኋላ ውሃው ማሳ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቁ ለሚቀጥሉት ፕሮጀክቶች ትምህርት ሊሆን ይገባል። ግድቡ፣ ቦዩ፣ የማሳ ማስተካከሉ፣ የገበያ መንገዱና የአርሶ አደሩ ሥልጠና በአንድ ዕቅድ ተይዘው ጎን ለጎን ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ወጪውም ይንራል።

ውሃው በደረሰበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል? በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር የሞተር ፓምፕ ቁጥር በጨመረ መጠን የላዩ ሲያጠጣ የታቹ የሚቸገርበት ጊዜ ይመጣል። በቦይ መስኖም በራስጌ ያለው አርሶ አደር ሌሊትና ቀን ሲያጠጣ በግርጌ ያለው ተራውን ሲጠብቅ ሰብሉ ይደርቅበታል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለዚህ ጉዳይ መላ አበጅቷል። ማኅበራቱ ተራ የማውጣት፣ መዋጮ የመሰብሰብ፣ ቦይ የማጽዳትና ያጠፋን የመቅጣት ሥልጣን ሲኖራቸውና ሲጠቀሙበት ጠቡ ይቀንሳል። የቀድሞዎቹ የውሃ አባቶች በየአካባቢው ያደርጉት የነበረውም ይህንኑ ነበር።

የውሃው ምንጭም መታሰብ አለበት። ከላይ ያልታከመ ተዳፋት ከታች ያለውን ግድብ በደለል ይሞላል። በ2004 ዓ.ም በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ዛሬም ከሐይቁ አልጠፋም። ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው አፈር፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ አረሙን ይመግበዋል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ እንግዲህ የላይኛው ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጎርጎራና የፎገራ ዓሣ አጥማጅ፣ የቆጋ የመስኖ ተጠቃሚ፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ጭምር ጉዳይ ነው። የላይኛው ሲያለማ የታችኛው የሚጠቀም ከሆነ የታችኛውም በጉልበት ወይም በመዋጮ የሚያግዝበት አሠራር በወረዳዎች መካከል ሊታቀድ ይገባል።

በአንድ ነገር ላይ መመካት

በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ አርሶ አደሩ በራሱ ጥበብ የሠራው ሥራ ለአገር ምሳሌ ሆኗል። አሲዳማ ሆኖ እህል ማብቀል በተሳነው መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ዘራ፤ ቀጥሎ ሣሩን አጨደ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል አክስሎ ሸጠ፤ መሬቱም አገገመ። የሣር ክዳን ቤት ቆርቆሮ ሆነ፤ ልጆች ተማሩ። ይህን ማንም ዕቅድ አላዘዘውም።

በቅርብ ዓመታት ግን በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አድርቋል። ገቢውን ሁሉ በዚህ ዛፍ ላይ የጣለው ቤተሰብ ተጎድቷል። ጥፋቱ የአርሶ አደሩ አይደለም፤ ያዋጣውን ሠርቷል። መንግሥታዊው ዕቅድ ግን ዛፉ እየሰፋ ሲሄድ «በሽታ ቢመጣስ? የከሰል ገበያው ቢዘጋስ?» ብሎ መጠየቅና አማራጭ ዝርያና ሰብል ይዞ መቅረብ ነበረበት። ዛሬ በአንድ የስንዴ ወይም የሩዝ ዝርያ የተሸፈነ ሜዳ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት። በ2009 ዓ.ም የተምች ወረርሽኝ፣ በ2012 ዓ.ም የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ማንም ቀጠሮ አልያዘም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ በየዕቅዱ ውስጥ ሥጋትንና ምላሹን የሚጽፍ አንድ ገጽ ሊኖር ይገባል።

የጸጥታ ችግርም ከዚህ ገጽ መቅረት የለበትም። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያ ይዘገያል፤ ምርትም ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ሰላም ከሁሉም በላይ መሠረት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ማዳበሪያና ዘርን በደረቅ ወራት ቀድሞ ወደ ቀበሌ መጋዘን ማስገባት፣ የአካባቢ ዘር ብዜትን ማጠናከርና የእንስሳት መድኃኒትን በመጠባበቂያ መያዝ የጉዳቱን መጠን ይቀንሳሉ።

መሬት ለሌለው ወጣት

የክልሉ አባወራ የሚያርሰው መሬት በአብዛኛው አነስተኛ ነው። አባት ለአራት ልጆች ሊያካፍለው የሚችለው መሬት የለም። በከተሞች ዳር ያለው ለም መሬት ደግሞ በየዓመቱ ለቤትና ለድርጅት ይወሰዳል። በዚህ ሁኔታ የሚቀጥለው ትውልድ ሥራ ሊገኝ የሚችለው በአብዛኛው ከአውድማው በኋላ ነው። መውቂያና መፈልፈያ ማሽን፣ የፀረ ተባይ ርጭት አገልግሎት፣ እህል ማድረቅና ማሸግ፣ የሩዝ መፈተጊያ፣ መኖ ማቀነባበር፣ ዶሮ እርባታ፣ ወተት መሰብሰብና ማጓጓዝ ሰፊ መሬት የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

ለእነዚህ ሥራዎች ብድር ያስፈልጋል። መሬት ያለው አርሶ አደር የመጠቀም መብቱን፣ መሬት የሌለው ደግሞ ማሽኑንና ከብቱን በዋስትና አስይዞ የሚበደርበት የሕግ በር ተከፍቷል። ወጣቱ ይህን ስለማወቁ፣ አበዳሪዎችም በወረዳ ደረጃ ስለመተግበራቸው የሚከታተል አካል በዕቅዱ ሊሰየም ይገባል። ከተሞች ሲሰፉም በቅድሚያ ጭንጫና ገላጣ ቦታ እንዲመረጥ፣ ተነሺው አርሶ አደር ካሳ ተቀብሎ ከመበተኑ በፊት በዘላቂነት የሚተዳደርበት ሥራ እንዲመቻችለት መደረግ አለበት። በመስኖ ገንዘብ የፈሰሰበት መሬት ለግንባታ ሲሰጥ የሚጠፋው ማሳው ብቻ አይደለም።

ከአሁን ጀምሮ

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በየወረዳው የግብርና፣ የንግድና ገበያ ልማት፣ የኅብረት ሥራ፣ የመስኖ፣ የመሬት እና የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች አሉ። የሚቸግረው እያንዳንዳቸው ዕቅዳቸውን ለየብቻ አዘጋጅተው ለየራሳቸው የበላይ መላካቸው ነው። ዕቅዱ ወደ ዞን ከመሄዱ በፊት ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ቢያስተያዩ፣ ያለ ገዢ የታቀደ ምርት፣ ያለ ምርት የታቀደ ገበያ ወዲያውኑ ይታያል።

በተለመደው ቅጽ ላይ አምስት መስመሮች ቢጨመሩ ብዙ ነገር ይለወጣል። አንደኛው፣ ከሚጠበቀው ምርት ለሽያጭ የሚቀርበው ምን ያህል እንደሆነና ገዢው ማን እንደሆነ፤ ሁለተኛው፣ ደረቅና ንጹሕ ማከማቻ ለስንት ኩንታል እንዳለ፤ ሦስተኛው፣ በአሲድ የተጠቃው መሬት ስንት እንደሆነና በዓመቱ ስንቱ እንደሚታከም፤ አራተኛው፣ የውሃው መጠንና የተጠቃሚው ተራ፤ አምስተኛው፣ ዋነኛው ሰብል ቢበላሽ አርሶ አደሩ የሚይዘው አማራጭ። ክልሉም ወረዳን ሲመዝን ከሄክታርና ከኩንታል ጋር እነዚህን አምስቱን ቢጠይቅ የወረዳው ኃላፊም የቀበሌው ባለሙያም ትኩረት ይለወጣል፤ ሰው የሚደክመው በሚመዘንበት ነገር ላይ ነውና።

ዕቅድ ሲዘጋጅ አርሶ አደሩ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ካለቀ በኋላ «ለማወያየት» ነው። ይህ ሊለወጥ ይገባል። የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚተኛበት፣ የትኛው ምንጭ በመጋቢት እንደሚነጥፍ፣ የትኛው ነጋዴ ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሴቶች አርሶ አደሮችም በስብሰባው ሊገኙ ይገባል። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል እስከ መቼ እንደሚያደርስ፣ የትኛው ዘር ለእንጀራ እንደሚመች ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የልማት ሠራተኛውም ይህን እውቀት ሰብስቦ የሚያደራጅ እንጂ ከላይ የወረደን ቁጥር ለአባወራ የሚያካፍል ብቻ መሆን የለበትም።

አርሶ አደሩም የራሱ ድርሻ አለው። ውል ከገባ ቃሉን መጠበቅ፣ የማኅበሩን ሒሳብ መጠየቅና በስብሰባው መገኘት፣ የቦይ ጽዳት ሲጠራ መውጣት፣ ጎረቤቱ ስለተከለ ብቻ አንዱን ሰብል ከመከተል ይልቅ ገበያውን ጠይቆ መወሰን ከእርሱ ይጠበቃል። ማኅበሩ ሲዳከም የሚጠናከረው ደላላው ብቻ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

የክልሉ ሕዝብ ይጨምራል፤ ከተሞቹም ይሰፋሉ፤ የፋብሪካውም የምርት ፍላጎት እያደገ ይሄዳል። ይህ ለአርሶ አደሩ ሲሳይ የሚሆነው ምርቱ ገዢ፣ ገዢውም ምርት እንዲያገኝ፣ አፈሩና ውሃው ደግሞ ለልጅ እንዲተርፉ ከወዲሁ ከታቀደ ነው። በሚቀጥለው ሰኔ ቅጹ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲላክ ከሄክታሩና ከኩንታሉ ቀጥሎ «ከአውድማው በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መገኘት አለበት። መልሱ ባዶ ከሆነ ወረዳው ቅጹን ተቀብሎ ወደ ዞን ማሳለፍ የለበትም፤ ወደ ቀበሌው መልሶ ከአርሶ አደሩ ጋር እንዲሞላ ማድረግ ይኖርበታል።